የሞቀ የጫካ አፈር ትንፋሹ ለምን ይቀንሳል?

የጽድ ጥላ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የጽድ ጫካ አፈር ነው፤ ከላይኛው 10 ሳንቲሜትር ተወስዶ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ተነፍቷል። 50 50 ግራም አየር በማያስገቡ ማሰሮዎች ተደርጎ ግማሹ በ15፣ ግማሹ በ25 ዲግሪ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሞቀው ከቀዝቃዛው እጥፍ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (የአፈሩ ትንፋሽ) ያወጣ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ልዩነቱ ጠበበ። ተሕዋስያኑ ሙቀቱን ለምደውት ይሆን?

ወንፊት፦ ለመዱት ከማለትህ በፊት ቀለባቸውን እይ። በ25 ያሉት ቶሎ የሚበሰብሰውን ቀድመው ጨርሰዋል፤ የ15ዎቹ ገና እሱ ላይ ናቸው። በ60ኛው ቀን የምታነጻጽረው እንግዲህ ሁለት የተለያየ አፈር ነው። እኩል ካርቦን ለማውጣት የፈጀባቸውን ጊዜ አወዳድር። 30 ሚሊግራም ለማውጣት ቀዝቃዛው 42፣ ሞቃቱ 20 ቀን ቢወስድ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ 2.1 እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

ደገኛ፦ የጋዝ መያዣውስ (ማሰሮው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚመጠው ፈሳሽ)? 20 ሚሊሊትር 0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ፣ ግማሹ ሳያልቅ (30 ሚሊግራም ካርቦን ሳይሞላ) ቀይረው። ካለፈ ጋዙን በደንብ አይዝም፤ የሚጎዳውም ብዙ የሚያወጣው የሞቃቱ ማሰሮ ነው፣ ልዩነቱ በሐሰት ይጠባል። ከታይትሬሽን (ሳይበላ የቀረውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በአሲድ ከመለካት) በፊት 10 ሚሊሊትር 1 ሞላር ባሪየም ክሎራይድ ጨምር፤ ያለዚያ አሲዱ ከተያዘው ጋዝ የተፈጠረውን ካርቦኔትም ይበላል። አፈር የሌለበት ባዶ ማሰሮም አይቅር። በ0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከባዶው ያነሰው እያንዳንዱ ሚሊሊትር 3 ሚሊግራም ካርቦን ነው።

እርጥበቱንም በሚዛን ተከታተል፤ 25ቱ ቶሎ ይደርቃል። ደርቆ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በድንገት ብዙ ይተነፍሳል። በርች የተባለው ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ ያጠናው ይህንኑ ነው፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ወንፊት፦ መልመድ መኖሩን ለመለየት ሁለቱንም ወደ 25 አምጣና ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ስጣቸው። የሞቃቱ ትንፋሽ ከቀዝቃዛው እኩል ከሆነ ችግሩ የቀለብ ነበር። ካነሰም አትቸኩል፤ የተሕዋስያኑን መጠን ለካና ትንፋሹን ለዚያ አካፍል፣ ቁጥራቸው መንምኖ ሊሆን ይችላልና።

ደገኛ፦ ሁለት ወር ደግሞ አጭር ነው። ማሳቹሴትስ፣ ሃርቫርድ ፎረስት፣ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት በተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ አፈሩን 5 ዲግሪ ያሞቁታል። ገመዱ ተቀብሮ ኃይል ያልተለቀቀበት መደብም አላቸው፣ ቁፋሮው ራሱ ያመጣው ለውጥ እንዲለይ። በ26 ዓመት ውስጥ የካርቦን መጥፋቱ ጨምሮ፣ ቆሞ፣ እንደገና ጨምሮ፣ ደግሞ ቆሟል። ከላይኛው 60 ሳንቲሜትር የጠፋው 17 በመቶ ያህል ነው። እነሱም በ12ኛው ዓመት አቋርጠው ቢሆን «አለቀ» ይሉ ነበር።

የጽድ ጥላ፦ መያዣው በ14 ቀን ነበር የሚቀየረው። ወደ 5 ይወርዳል፤ ግሉኮሱም ይሞከራል።