ክርክር፦ የወሎ ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲገነቡ ቅድሚያው ለሶላር ነው ወይስ ለሕንፃው?

መምህር (ወገል ጤና)፦ በጦርነቱ የተጎዱት ትምህርት ቤቶቻችን ዳግም ሲገነቡ የሶላር ዋጋ ከበርና ከመስኮት ዋጋ ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ሳለ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ያደገ ልጅ ኮምፒውተር ሳይነካ ለፈተና መቅረቡ በደል ነው።

መሐንዲስ (ደሴ)፦ የመምህሩን ቁጭት እጋራለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከመሠረት ቁፋሮ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ፣ በእኩለ ቀን ከፍ የምትለውን ፀሐይ ከግድግዳው ወጣ ያለ ጣሪያ በቀላሉ ይከልላታል፤ ክፍሉን የምታግለው ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ ከምሥራቅና ከምዕራብ የምትገባው ናት። ስለዚህ ሕንፃው ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጎ መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢከፍት ያለ አምፖል ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው የጣሪያው ክፍልም ለሶላር ፓኔሉ ምቹ ቦታ ይሆናል። የመሬቱ ተዳፋት ከፈቀደ ይህ አቀማመጥ የተለየ ወጪ የለውም። ከሁሉ በላይ የምቃወመው ለቆላው ቆቦና ለደጋው ደላንታ አንድ ዓይነት ፕላን መስጠትን ነው። ቆላው ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና የሙቅ አየር መውጫ ይሻል፤ ደጋው ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ድንጋዩም ግንበኛውም እዚያው አሉ።

የወላጅ ኮሚቴ አባል (ቆቦ)፦ ሁለታችሁም ስለ ጥገና አላነሳችሁም። ፓኔሉ 25 ዓመት ቢያገለግልም የእርሳስ አሲድ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ ያን ጊዜ አዲሱን የሚገዛው ማን ነው? በተጨማሪም የአገራችን የመስመር ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ታዳሽ ኃይል ስለሆነ፣ ፓኔሉ መጀመሪያ መሄድ ያለበት መስመር ወዳልደረሰበት ቀበሌ እንጂ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ አይደለም።

መምህር (ወገል ጤና)፦ የባትሪው ሥጋት ተገቢ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤት ኃይል የሚጠቀመው በአብዛኛው በቀን ነው፤ ኮምፒውተሩና የውኃ ፓምፑ ፀሐይ ሳለች ቢሠሩ፣ ለማታ ጥናት መብራት የሚበቃ አነስተኛ ባትሪ ይበቃናል። እርሱንም ለመተካት ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ በየዓመቱ ገንዘብ ይቀመጥ፤ ይህ በርክክብ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። መሐንዲሱ ባሉት የፕላን ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የደላንታን ብርድ የማያውቅ ፕላን ለእኛ አይሆንም።