ቀላል የቤዝ አምፕና የስፒከር ሳጥን፦ ኦሙን እንዴት ላዛምደው?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ከባድ የቤዝ ጊታር አምፕ ስሸከም ወገቤ አለቀና በመጨረሻ አንዷን ክላስ ዲ የሚባለውን ቀላል ዓይነት ሄድ ገዛሁ። ማጉያዋ ብቻ ናት፣ ስፒከር የላትም። ሦስት ኪሎ እንኳ አትሞላም። ጀርባዋ ላይ 500 ዋት በ4 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ ከ4 ኦም በታች አይፈቀድም ተብሎ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ሁለት የስፒከር መውጫ አላት።

ሁለት ሳጥን አለኝ። አንዱ ባለ አንድ 12 ኢንች ነው፣ 8 ኦም፣ 300 ዋት፣ አዲስና ቀላል። ሌላው ከድሮ ጀምሮ የነበረኝ ባለ አራት 10 ኢንች ነው፤ ጽሑፉ ተልጦ ስለጠፋ ስንት ኦም እንደሆነ አላውቅም። ባለ 12ቱን ብቻ ሰክቼ ቤት ስጫወት ድምፁ ደስ ይላል። ከባንዱ ጋር ስገባ ግን ከበሮው ሞቅ ሲል ቤዙ ይጠፋል፣ ቮልዩሙን ስጨምር ደግሞ ወፍራሙ ክር ላይ ስፒከሩ ይንጣጣል። 500 ዋት ይዤ እንዴት አልሰማም? ሁለቱን ሳጥን አንድ ላይ ብሰካስ? 300 ዋቱን ሳጥንስ 500 ዋቷ አታቃጥለውም ወይ?

ባለ አምስት ክር፦
ወንድሜ፣ የድሮው ሳጥን ስንት ኦም እንደሆነ ሳታውቅ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትሰካ። የአምፑ ሁለት መውጫዎች ውስጥ ለውስጥ የተያያዙት በትይዩ ነው። በትይዩ ሲሆን ኦም ይቀንሳል እንጂ አይደመርም። 8 እና 8 ኦም 4 ይሆናል፣ ይሄ ላንተ ልክ ነው። 8 እና 4 ከሆነ ግን ወደ 2.67 ይወርዳል። ኦሙ በወረደ ቁጥር አምፑ ብዙ ከረንት እንዲያወጣ ይገደዳል። ጥሩ መከላከያ ካለው ድምፁን ቆርጦ ቀይ መብራት ያበራል፣ ከሌለው ይቃጠላል። «ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው» ብለህም አትሞክረው፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ስትመታ የሚሆነውን አታውቅም።

ኦሙን ለማወቅ ቴስተር ይበቃል። ሳጥኑን ከአምፑ ንቀለው። የስፒከር ኬብል ሳጥኑ ላይ ሰካና በሌላኛው ጫፍ ለካ። ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርገው። መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ሽቦዎች አነካካና የሚያሳየውን ያዝ፣ በኋላ ከውጤቱ ላይ ትቀንሰዋለህ። ስትለካ ኮኑን (የሚንቀሳቀሰውን የስፒከሩን ፊት) በእጅህ አትንካ፣ ኮኑ ከተነቃነቀ ቁጥሩ ይዘላል። ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ ካሳየህ ሳጥኑ 8 ኦም ነው። ከ3 እስከ 3.5 ከሆነ 4 ኦም ነው። ቁጥሩ የሚያንሰው ቴስተር የሚያየው ስፒከሩ ውስጥ ያለውን የጥቅሉን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሙዚቃ ሲገባበት ተቃውሞው ከዚያ ከፍ ይላል።

የሳጥን ሰው፦
ስለ ኦሙ ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ «500 ዋት ይዤ እንዴት አልሰማም» ስላልከው ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 500 ዋቱ በ4 ኦም ነው። ባለ 8 ኦሙን ብቻ ስትሰካ አምፑ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ዋት ነው። ይሄን ስትሰማ «አሃ፣ ችግሩ ይሄ ነው» እንዳትል። ዋቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ ይለየዋል፣ ግን ትንሽ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። በዋት ብቻ ከበሮን ማሸነፍ አይቻልም።

የሚያጮኸው ሳጥኑ ነው። የሳጥኑ ወረቀት ላይ ሴንሲቲቪቲ የሚል ቁጥር ፈልግ፣ በ1 ዋት ከ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ነው የሚነግርህ። 100 የሚል ሳጥን 97 ከሚለው እኩል ለመጮህ ግማሽ ዋት ይበቃዋል። በ1969 የወጣው ታዋቂው የቤዝ አምፕ፣ የአምፔግ ኤስቪቲ፣ 300 ዋት ብቻ ነው፣ ካንተው አምፕ ያነሰ። መድረኩን የሚያናውጠው ግን ከሥሩ ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ስላለ ነው። ብዙ ስፒከር ማለት ብዙ አየር መግፋት ማለት ነው። አንድ ባለ 12 ይዘህ ያንን ስሜት ከአምፕ አትጠብቅ።

አዲሱ ሰው፦
እኔ የሰማሁት ስፒከር የሚቃጠለው ዋቱ ሲያንሰው ነው። ስለዚህ 500 ዋቱ ለ300 ሳጥን ጥሩ ነው፣ አይዞህ።

ባለ አምስት ክር፦
ይሄ አባባል ብዙ ቦታ ይነገራል፣ ግን ልክ አይደለም። ዋት በማነስ የተቃጠለ ስፒከር የለም። ትንሽ አምፕ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ ሲጮህ የተበላሸው ድምፅ ውስጥ ያለው አማካይ ኃይል ከፍ ይላል፣ ጥቅሉን የሚያግለው እሱ ነው። ቀድሞ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ነው።

ሌላም አለ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 300 ዋት ጥቅሉ የሚችለውን ሙቀት ነው የሚናገረው። ኮኑ ግን ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት ልክ አለው፣ በዝቅተኛ ኖታ ላይ 300 ዋት ሳይደርስ ያንን ሊያልፍ ይችላል። የቤዝ ኢ ክር 41 ሄርዝ ነው፣ የአምስተኛው ክር ቢ ደግሞ 31። ድምፁ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ፣ እኩል እንዲሰማ ኮኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ያንተ ስፒከር የሚንጣጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ድምፅ ስትሰማ ወዲያው ቀንስ፣ ስፒከሩ እየለመነህ ነው።

እስከዚያው የሚረዳህ፦ አምፑ ላይ ሃይፓስ ፊልተር (በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ) ካለ 35 ወይም 40 ሄርዝ ላይ አብራው። የቤዙን ቁልፍ ከመሃል አታሳልፍ። ከዚያ መካከለኛውን፣ ከ400 እስከ 800 ሄርዝ ያለውን፣ ትንሽ ጨምር። ብቻህን ስትጫወት አፍንጫ አፍንጫ ይልብሃል፣ ባንድ ውስጥ ግን ቤዙን የሚያወጣው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ብቻችንን ያስተካከልነውን ድምፅ ይዘን መጥተን ነው የምንጠፋው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት። ሽቦዎቹን ሳነካካ 0.5 አለ፣ ሳጥኑን ስለካ 3.9። ስለዚህ 3.4፣ ማለትም 4 ኦም ነው። አንድ ላይ ሳልሰካቸው ጠየቅኩ እንጂ አልቆልኝ ነበር። ኬብልስ? ከጊታሩ ወደ አምፕ የምሰካው ዓይነት ይሆናል?

የሳጥን ሰው፦
አይሆንም! የጊታር ኬብል ቀጭን ነው፣ የስፒከር ከረንት አይችልም፤ ይግላል፣ ሾርትም ሊሆን ይችላል። የስፒከር ኬብል ያዝ፣ ስፒኮን ጫፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሰክተህ ስታዞረው ይቆለፋል፣ እግር ቢጠልፈውም አይወጣም። ደግሞም ብዙ ክላስ ዲ አምፖች ላይ ከስፒከር መውጫው ሽቦዎች አንዱም ግራውንድ አይደለም። ስለዚህ ከስፒከር መውጫው ወደ ሚክሰር መስመር ልውሰድ እንዳትል፣ ለእሱ ዲአይ የሚባል፣ ወደ ሚክሰር የሚሄድ መውጫ አለ።

አሁን ባለ 4 ኦሙን ሳጥን ብቻውን ሰካው። 500 ዋቱን ሙሉ ያገኛል፣ አራት ስፒከርም አለህ። እውነቱን ለመናገር 8 ኦም ቢሆን ኖሮም እነዚህን ሁለቱን አላጋባልህም ነበር። ኦማቸው እኩል ከሆነ ሁለቱ ሳጥኖች ዋቱን እኩል ይካፈላሉ። ያ ማለት ብቻዋን ያለችው ባለ 12 ኢንች ስፒከር 250 ዋት ስትሸከም እያንዳንዷ ባለ 10 ኢንች ወደ 62 ዋት ብቻ ይደርሳታል። 12ቷ ቀድማ እጅ ትሰጣለች። ክብደት መቀነስ ከፈለግክ ያንኑ ባለ 12 ዓይነት፣ ያው ሞዴል፣ 8 ኦም፣ ሁለተኛ ጨምር። 4 ኦም ይሆናል፣ ዝቅተኛው ድምፅም ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምርልሃል። ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በሌላው ላይ ቁልላቸው። የላይኛው ወደ ጆሮህ ይጠጋል፣ ድምፁም ግራና ቀኝ ለቆመው ሰው የተስተካከለ ይሆናል። ከአምፑ ሥር ደግሞ ቁራጭ ጎማ አንጥፍ። እነዚህ ቀላል አምፖች በንዝረቱ እየተንሸራተቱ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፤ የእኔው አንድ ጊዜ በኬብሉ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት።

ጠያቂው፦
ከልምምድ አሁን መመለሴ ነው። ባለ አራት 10ሩን ብቻ ሰካሁ፣ የቤዙን ቁልፍ መሃል ላይ ተውኩት፣ መካከለኛውን ትንሽ ጨመርኩ። ቮልዩሙ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ሁለተኛው ዜማ ላይ ከበሮ መቺው ዞር ብሎ «ዛሬ ምን አድርገህ ነው?» አለኝ። ደረጃ ላይ ሳወጣው ግን ወገቤ እንደገና አስታወሰኝ፣ ስለዚህ ሁለተኛዋን ባለ 12 መፈለግ ጀምሬያለሁ።