ልጆቼን ግሪክኛ ማስተማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የኦሎምፒያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አያቴ ግሪካዊ ነበሩ። እማዬ ግሪክኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። እኔ እሰማለሁ፣ ለመናገር ግን አፌ ይተሳሰራል። ልጆቼ (7 እና 10 ዓመታቸው ነው) ከ"ካሊሜራ" (እንደምን አደራችሁ) ሌላ የሚያውቁት የለም። እንደኛ ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበን ቋንቋውንም ባህሉንም እናስተምራቸው ተባብለናል። መጽሐፍ ከየት ይገኛል? የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ፈተናስ አለ? እማዬ እያረጀች ነው፤ ቋንቋው ከእሷ ጋር እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ተሰሎንቄ የተማረው
እህቴ፣ ለመጽሐፍ ገንዘብ አታውጪ። ቀርጤስ ዩኒቨርሲቲ ሬቲምኖ ላይ ያለው ማዕከሉ በውጭ አገር ለሚያድጉ የግሪክ ልጆች ያዘጋጃቸው መማሪያዎች አሉ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። አንቺ ደግሞ "ስታኤሊኒካ" የሚባለውን ሞክሪ። ካናዳ፣ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ያለው የግሪክ ጥናት ማዕከል የሠራው የኦንላይን ትምህርት ነው፤ ክፍያ የለውም።

ፈተናው "ኤሊኖማቲያ" ይባላል። የሚያዘጋጀው በ1994 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ተሰሎንቄ ያለው የግሪክ ቋንቋ ማዕከል ነው። ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛ) ደረጃ አለው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ይፈተናሉ። ኤ1 ላይ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ለብቻው የተዘጋጀ አለ፤ ስለዚህ ትልቁ ልጅሽ ዕድሜው ደርሷል። ቅርብ የፈተና ጣቢያ የት እንደሆነ ኤምባሲውን ጠይቂ። ግን እባክሽ ፈተናውን አታስቀድሚ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይውደዱት።

የቋንቋ መምህርት
ፊደሉን በግዕዝ ቁጥር ጀምሪላቸው። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ፣ ፬ ከዴልታ የመጡ ናቸው። ጎን ለጎን ጽፈሽ ስታሳያቸው ዓይናቸው ይበራል።

የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። "ኢ" የሚለው ድምፅ አንዴ በዮታ፣ አንዴ በኢታ፣ አንዴ በኢፕሲሎን ይጻፋል፤ ሁለት ፊደል ተጣምሮ "ኢ" የሚሆንበትም አለ። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያልን እንደምንጽፈው ነው ብትያቸው ቶሎ ይገባቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ስህተት አትቆጧቸው። ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ተደርጎ የሚባሉትን የቲታንና የዴልታን ድምፆች ግን ከመጽሐፍ አያገኟቸውም። እነሱን እናትሽ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይድገሙላቸው።

ሜልቦርን ነዋሪ
እዚህ የግሪኮቹ ማኅበር ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የቋንቋ ትምህርት ቤቶችም አሉት። ከጎረቤቶቼ እንዳየሁት ልጁን የሚይዘው በዓሉ ነው። ማርች 25፣ በ1821 እ.ኤ.አ. የተነሳው የነፃነት ትግል ሲታሰብ፣ ልጆቹ የባህል ልብስ ለብሰው ግጥም ይላሉ። አንድ ግጥም በቃሉ የያዘ ልጅ ደግሞ ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃል።

ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ቫሲሎፒታ ጋግሩ። ኬኩ ውስጥ ሳንቲም ይደበቃል፤ ቁራሹ ውስጥ ሳንቲሙን ያገኘ የዓመቱ ዕድለኛ ነው። ፋሲካ ከኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ለእናንተ በጣም ይመቻል። እንቁላል ቀቅላችሁ ቀይ ቀለም ንከሩት። አንዱ "ክሪስቶስ አኔስቲ" (ክርስቶስ ተነሥቷል) እያለ የሌላውን እንቁላል በጫፉ ይመታል፣ ሌላው "አሊቶስ አኔስቲ" (በእውነት ተነሥቷል) ይላል። እንቁላሉ ሳይሰነጠቅ የቀረለት ያሸንፋል። ልጆቹ ሳያውቁት ሰላምታውን በቃላቸው ይይዙታል።

የኦሎምፒያዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የፋሲካውን እማዬ ስትሰማ ተነስታ ቀለም ልግዛ አለች። ለመጀመሪያ ዝግጅታችን የቱን ቀን ትመክሩኛላችሁ?

ተሰሎንቄ የተማረው
ፌብሩዋሪ 9። ግሪክ በ2017 እ.ኤ.አ. የግሪክ ቋንቋ ቀን ብላ የሰየመችው ነው። የብሔራዊ መዝሙሩን ግጥም የጻፈው ዲዮኒሲዮስ ሶሎሞስ በ1857 እ.ኤ.አ. ያረፈበት ቀን ነው። መዝሙሩን ልጆቹ ይዘምሩት፤ የሚዘመሩት ሁለት አንጓዎች ብቻ ስለሆኑ አይከብዳቸውም። እስከዚያው ግን እናትሽ የልጅነት ዘፈኖቻቸውን ሲዘፍኑ በስልክሽ ቅጂያቸው። ለቅዳሜው ክፍል ከዚያ የተሻለ መማሪያ አታገኚም።