የሮማ ነገሥታት የት ተወለዱ፣ የት ሞቱ፣ የት ተቀበሩ?

የቀሃው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢ እንግዳ ይዤ ስገባ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ "ንጉሡ የተቀበሩት እዚህ ነው?" አይደለም። አፄ ፋሲል ያረፉት አዘዞ ነው፣ የተቀበሩት ደግሞ ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ። ይህን ስናገር ብዙዎቹ ይገርማቸዋል። እኔም ቆይቶ የሌላው አገር ነገሥታትስ የሚል ሐሳብ አደረብኝ። ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደብተር ገዝቼ የሮማንና የቢዛንታይንን (የምሥራቁን ሮማ) ነገሥታት አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስም፣ የተወለደበት፣ የሞተበት፣ የተቀበረበት።

አሁን ግን ተያዝኩ። ሴፕቲሚየስ ሴቬረስን አንዱ እንግሊዝ አገር ዮርክ ላይ ነው የቀረው ይላል፣ ሌላው ሮም። ቆስጠንጢኖስን አንዱ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ሞተ ይላል፣ ሌላው ኒቆምዲያ፣ እሷም ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ እንኳ እንዲህ ከሆነ ሌላውን እንዴት ልመን? ይህን ነገር የሞከረ ካለ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ።

አዘዞ12፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንተ ጋ የጎደለው አንድ ዓምድ ነው። "የተዛወረበት" የሚል ጨምር። ሴቬረስ የተወለደው ሌፕቲስ ማግና ነው፣ የዛሬዋ ሊቢያ። በ211 ዮርክ ላይ ሞተ፣ አስከሬኑም እዚያው ተቃጠለ። አመዱን ግን ልጆቹ ሮም ወስደው ሃድርያን ባሠራው መቃብር አኖሩት፤ ያ መቃብር ዛሬ የቅዱስ መልአክ ግንብ ይባላል፣ ቆሞ ይታያል። (ዓመቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፍልህ።) ትራያንም እንደዚያው ነው። ስፔን ውስጥ ኢታሊካ ተወልዶ፣ በ117 ከዘመቻ ሲመለስ በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ዳርቻ ሴሊኑስ ላይ ሞቶ፣ አመዱ ሮም ካለው ሐውልቱ ሥር ገባ። ሩቅ አትሂድ፣ የእኛን አፄ ቴዎድሮስን እይ። መቅደላ ሞቱ፣ እዚያው ተቀበሩ፣ አፅማቸው በኋላ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ሄደ። አንድ መስመር ላይ "መቃብር" ብለህ ብትጽፍ የትኛውን ልትጽፍ ነው?

ቆስጠንጢኖስ የሞተው ኒቆምዲያ አጠገብ ነው፣ በ337። የተቀበረው ግን ቁስጥንጥንያ ነው፣ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን። ሁለቱን የሚያምታቱት ጽሑፎች መቃብሩን አይተው ሞቱንም እዚያ ያደረጉት ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሦስቱ ይበልጥ መጠርጠር ያለብህ የትውልድ ቦታውን ነው። ሲሞት ንጉሥ ነው፣ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ይጻፋል። ሲወለድ ግን የማንም ልጅ ነው! የንጉሥ ዮስጢንያኖስ አጎት፣ ከእሱ በፊት የነገሠው ዮስጢኖስ ከገጠር በእግሩ ቁስጥንጥንያ ገብቶ ወታደር የሆነ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ያ ሕፃን ይነግሣል ብሎ ማን ይመዘግበዋል? በኋላ በቤተ መንግሥት የተወለዱት ይሻላሉ። ቁስጥንጥንያ ውስጥ ግድግዳው በሐምራዊ ድንጋይ የተለበጠ የእቴጌዎች የመውለጃ ክፍል ነበር፣ ሰባተኛው ቆስጠንጢኖስ በ905 እዚያ ነው የተወለደው።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦
ስሞቹን ተጠንቀቅ ልጄ። በፈረንጅ ስማቸው ብቻ ከጻፍካቸው እኛ ቤት ያለውን ሁሉ ታጣዋለህ። ስንክሳር ላይ ዲዮቅልጥያኖስ እየተባለ የሚነበበው ክርስቲያን አሳዳጁ ያው በአንተ ደብተር ላይ ያለው ዲዮክሌሺያን ነው። አድርያቲክ ባሕር ዳር ስፕሊት ውስጥ በራሱ ቤተ መንግሥት ነው የተቀበረው፣ መቃብሩም በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ዛሬም ይቀደስበታል። ያሳደዳቸው ክርስቲያኖች መቃብሩን ወረሱት ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ቅዱስ መርቆሬዎስ ጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ የሚወጋውን ንጉሥ አይተኸዋል? ኡልያኖስ ነው፣ ፈረንጆቹ ጁልየን የሚሉት። ታሪክ ጸሐፊዎቹ በ363 ፋርስ ዘምቶ በጦር ቆስሎ ድንኳኑ ውስጥ ሞተ ይላሉ። መጀመሪያ ጠርሴስ ተቀበረ፣ በኋላ ወደ ቁስጥንጥንያ ወሰዱት። ሥዕሉንም ታሪኩንም ጻፍ፣ ግን ለየብቻ።

ዘመኑንም እንዳትደባልቅ። አፄ ፋሲል የነገሡት በእኛ 1624 ነው፣ በፈረንጅ 1632። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳይለይ የተጻፈ ሰሌዳ ስንቱን አሳስቷል።

ሰሚራ_ታሪክ፦
ስለ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ከቆስጠንጢኖስ ጀምሮ 700 ዓመት ያህል አብዛኞቹ የቁስጥንጥንያ ነገሥታት የተቀበሩት እዚያ ነው። የመጨረሻው ስምንተኛው ቆስጠንጢኖስ ነበር፣ በ1028። የነገሥታቱ የሬሳ ሣጥኖች ዝርዝር ሰባተኛው ቆስጠንጢኖስ ባዘጋጀው የቤተ መንግሥት ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ እሱን ፈልግ። በ1204 ግን የመስቀል ጦረኞች መቃብሮቹን ከፍተው ዘረፉ። ቱርኮች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ቦታው ላይ የፋቲህ መስጊድ ተሠራ። ዛሬ ኢስታንቡል የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ያሉት ትልልቅ ሐምራዊ የድንጋይ ሣጥኖች ከዚያ የተረፉ ናቸው፣ ባዶ ናቸው። ስለዚህ "የተቀበረበት" እና "ዛሬ ያለበት" አንድ አይደለም።

መቃብር የሌላቸውም አሉ። ቫሌንስ በ378 አድሪያኖፕል ጦርነት ላይ ወደቀ፣ አስከሬኑ አልተገኘም። የመጨረሻው የቢዛንታይን ንጉሥ፣ አሥራ አንደኛው ቆስጠንጢኖስም በ1453 ከተማው ቅጥር ላይ ሲዋጋ ሞተ፣ የት እንደተቀበረ አይታወቅም። እዚያ ላይ ደፍረህ "አይታወቅም" ብለህ ጻፍ። በግምት የተሞላ ሰሌዳ ከባዶው ይብሳል።

የቀሃው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ደብተሩን እንደ አዲስ አሰመርኩት፤ የሞተበት፣ የተቀበረበት፣ የተዛወረበት፣ ዛሬ ያለበት፣ ከጎኑ ደግሞ የስንክሳር ስሙ። ሴቬረስ ሊቢያ ጀምሮ ዮርክ ደርሶ ሮም ሲገባ መስመሩ ሙሉውን ገጽ ያዘ። አባቴ፣ የኡልያኖስን ነገር ካነሱልኝ በኋላ ዛሬ ጠዋት ለእንግዶቼ ሥዕሉን ሳሳይ ቆሜ ስለ ጠርሴስ ነገርኳቸው።

ሰሚራ፣ ያ የሣጥኖች ዝርዝር በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ የት ይገኛል? ካለሽ ላኪልኝ።