«አይም ፋይን» ሲል እምቢ ማለቱ ነው ወይስ ደህና ነኝ ማለቱ?

— ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ እንግዳ ይዤ ዘጌ እመላለሳለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን ስንመለስ አንዲት እናት የዘጌን ቡና አፍልተው ኑ ቅመሱ አሉንና አንዱን እንግዳ ትጠጣለህ ወይ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሎ «አይም ፋይን» አለኝ። እማማ ምን አለ ልጄ ሲሉኝ ጭንቅ ያዘኝ፣ ደህና ነኝ አለ ብል ጤናውን ማን ጠየቀው ይሉኛል፣ አልፈልግም አለ ብል ደግሞ ቅር ይላቸዋል። እናንተ ብትሆኑ በምን ትመልሱታላችሁ?

— «ይበቃኛል» በላቸው፣ አለቀ።

— ኧረ አላለቀም ወንድሜ፣ ይበቃኛል የሚለው እኮ አቦሉን የጠጣ ሰው ነው፣ ያልቀመሰ ሰው ምኑ በቃው? ፋይን ውስጥ ያለው ምንም አልጎደለብኝም የሚለው ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥሩ ነው፣ የጥሩው ፋይንም የቅጣቱ ፋይንም አባታቸው አንድ ነው፣ የላቲኑ ፊኒስ፣ መጨረሻ ማለት። ቅጣቱ ከፍለህ ጉዳይህን የምትጨርስበት ነው፣ ጥሩው ደግሞ እስከ ጫፉ ተሠርቶ ያለቀ፣ እንከን የሌለው። ፋይናል፣ ፊኒሽ፣ ፋይናንስ እንኳ ከዚያው ቤት ነው የወጡት። አሁን ወደ ግእዙ ኑልኝ፣ ፈጸመ ከሚለው ፍጻሜም ፍጹምም ወጣ፣ ማቴዎስ 5፥48 ላይ «ፍጹማን ሁኑ» የሚለውን አስቡት። ስለዚህ ፋይን ከፈጸመ ነው የመጣው ባይ ነኝ፣ ፈ እኮ ፊት ለፊት አለች።

— በፈ መጀመር ዘመድ አያደርግም። ግእዝ ሴማዊ ነው፣ ላቲን ከነግሪክ ከነፋርስ ወገን ነው፣ መጨረሻንና ሙሉነትን ሁለቱም በአንድ ቃል አሰቡት እንጂ አልተዋዋሱም። ዋሸራ ቅኔ የቆጠርኩ ነኝ፣ ግስ በመጀመሪያ ፊደሉ አይታረቅም። ይልቅ ጠያቂያችን «ደህና»ን በሃሌታው ሀ ጽፈኸዋል፣ ግሱ ድኅነ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ፣ መድኃኔ ዓለም የምንልበት። ደኅና ማለት የዳነ ማለት ነው፣ እንግዲህ ከፋይን ጋር ምን አገናኘው?

— መሪጌታ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሰው ሲናገር የዳነ ማለቱ አይደለም። ሐይቁ ዳር «ደህና ደህናውን ቀረሶ ዓሣ ምረጥልኝ» ስል ላቅ ያለውን ነው የምፈልገው፣ ምሳው እንዴት ነበር ስባል «ደህና ነው» ካልኩ ግን ብዙም አልወደድኩትም፣ አንዱ ቃል ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ይቀመጣል። ፋይንም ልክ እንዲሁ ነው፣ «ፋይን ዳይኒንግ» ሲሉ ትልቁ ማዕድ ነው፣ «ኢትስ ፋይን» ሲሉ ይሁን እስቲ ነው፣ አጠር አድርጋ ፋይን ብላህ ፊቷን ካዞረች ደግሞ ቅያሜ ነው። ከደህና የሚቀርበው ቃል የለም፣ በየትኛውም ሀ ጻፉት።

— በየትኛውም ሀ አይጻፍም እህቴ! ፊደሉ ከጠፋ ሥሩ ይጠፋል።

— የቅጥነቱን ፋይን ረሳችሁት እኮ። ዘሌዋውያን 2 ላይ እንግሊዝኛው «ፋይን ፍላወር» የሚለውን አማርኛው «መልካም ዱቄት» አለው፣ እኔ የላመ ዱቄት ነበር የምለው፣ የላመ የጣመ እንል የለ? ፋይን እዚያ ጋ ደቃቅነቱን ነው የሚናገረው፣ በጣት ሲነኩት ሻካራ አለመሆኑን።

— ለመሥዋዕት የሚቀርብ ነውና ምርጥነቱም አለበት፣ መልካም ያሉት ሊቃውንት በከንቱ አላሉትም። ግእዙ ደግሞ ስንዳሌ ይለዋል፣ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው።

— ስንዳሌ የተነፋው ነው የላመው? መላም የወፍጮ ነው፣ መነፋት የወንፊት ነው፣ እነዚህን ካልለየን ፋይንን የትኛው ላይ እንደምናስቀምጠው አናውቅም። መሪጌታ እስቲ ይህችን ብቻ ይመልሱልኝ።