የዲስክ ጎልፍ ድራይቨሬ ለምን ቶሎ ወደ ግራ ይታጠፋል?

ዲስክ ጎልፍ (በራሪ ዲስክ ወደ ቅርጫት የሚወረወርበት ስፖርት) ስጫወት የምወረውረው በቀኝ እጅ፣ በባክሃንድ ነው፤ ማለትም እጄን ከደረቴ ፊት አሻግሬ። ድራይቨሬ (ለረጅም ውርወራ የሚሆነው ፈጣን ዲስክ) 175 ግራም ነው፤ የበረራ ቁጥሮቹ ፍጥነት 12፣ መንሳፈፍ 5፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ መታጠፍ -1፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ 3 ናቸው። ነፋስ በሌለበት ሜዳ ሽቅብ ይወጣና 60 ሜትር ላይ ጉልበቱ አልቆ ወደ ግራ ይወድቃል። የፍጥነት ቁጥሩ 7 የሆነው ዲስክ ግን በዚያው አወራወር 75 ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ወደ 165 ግራም ብቀይርም ለውጥ የለም። የውጪውን (ከእጄ የራቀውን) ጠርዝ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጌ ስለቀው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መጨረሻው ግን ያው ነው። በዝግታ ቪዲዮ ሳየው ከእጄ ሲወጣ የፊት ጠርዙ ከሚሄድበት መስመር በላይ ቀና ብሏል። እንዲህ ሲሆን አየሩ የፊት ጠርዙን ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለዚህ ግፊት የሚመልሰው ወደ ግራ በማዘንበል ነው። ስለዚህ ችግሩ ያለው አለቃቀቁ ላይ ነው።

የፊት ጠርዙን ዝቅ ለማድረግ መጀመሪያ ማስተካከል ያለብኝ አያያዜን ነው ወይስ የእጅ አንጓዬን?