«ዳዊት መድገም» እና «በከንቱ አትድገሙ»፦ ግሱ አንድ ነውን?

ጠያቂ፦ እናቴ ትናንት ማለዳ ከቤት ስንወጣ «ዳዊቴን ሳልደግም ወጣሁ፤ ውዳሴ ማርያም ግን አድርሻለሁ» አለችኝ። ይህንኑ ለሥራ ባልደረባዬ ብነግረው ማቴዎስ 6፥7ን ጠቅሶ «ስትጸልዩ እንደ እነርሱ በከንቱ አትድገሙ ተብሎ የለምን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በሁለቱ ቦታ ያለው «ደገመ» አንድ ነው? ደግሞስ እናቴ አንዱን «ደገምሁ»፣ ሌላውን «አደረስሁ» የምትለው ለምንድን ነው?

የንባብ ቤት ልጅ፦ እኅታችን፣ ይህ ቃል ከየኔታ እግር ሥር የወጣ ነው። ተማሪ አንዱን መዝሙር መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች ይመላለስበታል። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍሁ «መድገም» የተባለው ከዚህ የተነሣ እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ልጁ ሲጨርስ «ዳዊት ደገመ» መባሉም ምስክር ነው።

ሰዋስው፦ ወንድሜ፣ የንባብ ቤቱን ልማድ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልማዱ ቃሉን ወለደው ማለት አይደለም። «ደገመ» በግእዝም በአማርኛም ሁለተኛ ማድረግ ነው፤ ዳግም፣ ዳግማዊ፣ ዳግመኛ ሁሉም ከዚያ ይወጣሉ። የማቴዎሱ የግሪክ ቃል ግን «ባታሎጌኦ» ነው፤ ይኸውም መለፍለፍ፣ ፍሬ ቢስ ቃል ማብዛት ማለት ሲሆን የ«ሁለት» ትርጉም በውስጡ የለም። ስለዚህ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ክብደት ያለው «በከንቱ» ላይ ነው። ተርጓሚዎቹ መድገምን በደፈናው ቢነቅፉ ኖሮ በዚያው ወንጌል 26፥44 ላይ ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል «ደግሞ» ጸለየ ባላሉ ነበር።

ነቅዐ ልሳን፦ ሁላችሁም «ድግምት»ን ዘላችሁታል። ሕዝቡ የጠንቋዩንም ሥራ በዚሁ ግስ መጥራቱ፣ «ደገመ» ከመደጋገም አልፎ ድምፅ እያሰሙ በቃል ማነብነብን እንደሚያመለክት ያሳያል። በግእዙ መዝሙር 1 ላይ «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ»፣ ማለትም «ሕጉንም ቀንና ሌሊት የሚያነብብ» የሚለውን አስታውሱ፤ በዕብራይስጡ «ሃጋ» የሚለው ማጉረምረም፣ ለራስ ማንበልበል ነው። የጥንቱ ንባብ በዐይን ብቻ የሚያልፍ አልነበረም፤ በከንፈርም ነበር።

ሰዋስው፦ ስለ «አንበበ» እስማማለሁ። ስለ «ደገመ» ግን አልስማማም። ድግምት የተባለው ቃሉ ተደጋግሞ ስለሚባል ነውና የሁለትነት ትርጉሙ እዚያም አልጠፋም።

የንባብ ቤት ልጅ፦ «ጸለየ»ንም መርሳት አይገባም። የሶርያው «ጽላ» መዘንበል፣ ማጎንበስ ሲሆን «ጽሎታ» የሚሉት ጸሎትን ነው፤ የእኛም ቃል የዚያው ዘመድ ነው። እንግዲህ ጸሎት ማዘንበል ከሆነ፣ የሰው ልብ ደግሞ አንድ ጊዜ አዘንብሎ የሚቀር አይደለምና፣ መድገሙ የግድ ይሆናል።

ነቅዐ ልሳን፦ ይህ መልካም ትምህርት ነው፤ የግስ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሰኞ ስለሆነ እናቴ ስትደግም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዳዊቷን ከማኅደሩ አወጣች፤ ገጾቹ የጧፍ ጠብታ ያለባቸው ናቸው። የሰኞውን ሦስት ንጉሥ (አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ነው)፣ ማለትም ከ1 እስከ 30 ያለውን፣ በለሆሳስ ዘለቀችው። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ቆም አለች፤ ከዚያም ያንኑ መስመር እንደገና አለችው። ስትጨርስ «አንድ ጊዜ ብቻ ብለሽው ስለምን ደገምሁ ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ባለፈው ሰኞም ብዬው ነበር እኮ» አለችኝ። ስለ «አደረስሁ» ግን እርሷም ዝም አለች፤ ከእናንተም የመለሰልኝ የለም።

ሰዋስው፦ «አደረሰ» የ«ደረሰ» አድራጊ ነው። ጥያቄው የሚደርሰው ጸሎቱ ነው ወይስ ሰዓቱ የሚለው ነውና፣ በዚህ ላይ ወንድማችን ምን ይላሉ?

የንባብ ቤት ልጅ፦ ጸሎቱ ነው።

ነቅዐ ልሳን፦ ሰዓቱ ነው።